ቃጭሏ መጣች

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ፣ የበዓል ቀን

ከፈትኩት። ዛሬ ረፋዱ ላይ ፒጃማዬን እንኳ ሳልቀይር የሱዙን የዲሴምበር ሰሌዳ ከፈትኩት።

ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት እንዲህ አልኳት። በእኛ ሙያ ዲሴምበር ሲመጣ እያንዳንዱ የፕሮግራም ቋንቋ መድረኩ ላይ ሃያ አምስት ሳጥን ያለው ሰሌዳ ይከፈትለታል፣ ለአንድ ቀን አንድ ሳጥን። የፈለገ ሰው ቀን መርጦ ስሙን ያስገባል፣ ቀኑ ሲደርስ ጽሑፉን ያወጣል። የትልልቆቹ ቋንቋዎች ሰሌዳ ከምሳ በፊት ይሞላና ሁለተኛ ይጨመርላቸዋል። የእኔ ቋንቋ ሱዙ ግን በዘጠኝ ዓመት ዕድሜዋ አንድም ሰሌዳ ኖሯት አያውቅም።

«ሳጥኑ ባይሞላስ?» አለችኝ።

ግራጫ እንደሆነ ይቀራል፣ ዓመት ሙሉም አላፊ አግዳሚው ያየዋል አልኳት።

«እንግዲያው እንግዳ መኖሩን ሳታረጋግጪ ድግስ ደግሰሻል» አለችና ስለ ጃንጥላዬ ጠየቀችኝ። ዝናብ በማይጠፋባት በእኛ ካናዛዋ ምሳሽን ብትረሺ ጃንጥላሽን አትርሺ ይባላል። እኔ ሁለቱንም እረሳለሁ።

ዋናውን ነገር አልነገርኳትም። ሱዙን የፈጠሯት መምህር ኦኩዳይራ ባለፈው ሳምንት በእኛ የውይይት ክፍል አራት መስመር ጽፈው ነበር። በማርች ጡረታ ይወጣሉ፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የቋንቋዋን ቁልፍ፣ ማለትም ኮዷን የመለወጥና የሌላውን እርማት የመቀበል ሥልጣን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለአንድ ሰው ያስረክባሉ። የሚሆን ሰው ካጡ ቤቱን ዘግተው ይሄዳሉ።

ክፍሉ ውስጥ ስልሳ አንድ ሰው አለ። ሃምሳው ተናግሮ አያውቅም። የመመረቂያ ጽሑፌን በሱዙ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ማን አለ?

ሳጥን 1ን እና ሳጥን 25ን ለራሴ ያዝኩ። ለራሴም አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ሳልጠየቅ ስለ ሱዙ አላወራም።

ኖቬምበር 5፣ ረቡዕ

አውቶቡስ ውስጥ። ቆሜ።

በጥያቄ መድረኩ ላይ አንድ ሰው የስም ዝርዝር በቅደም ተከተል መደርደር አቅቶት ይጠይቃል። የጠየቀው በሌላ ቋንቋ ነው። መጨረሻው ላይ ግን «ከዚህ የቀለለ መንገድ ይኖር ይሆን?» ይላል። እንዲህ ከተባለ ተጠይቄያለሁ ማለት ነው። «በሱዙ አንድ መስመር ነው» ብዬ መስመሯን ጻፍኩለት።

ማታ ሳየው ከሥሬ አንድ ሰው አንዲት ቃል ብቻ ጽፏል፦ «ቅጭል።»

ሱዙ ማለት ትንሽ ቃጭል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ተገኘ! ስሟ እየተለመደ ነው።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ከኡሳሚ ጋር ዓሣ ገበያ ሄድን። ኡሳሚ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክበብ ውስጥ ከእኔ አንድ ዓመት በታች ነበር፤ አሁን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ቀድሜው ስለገባሁ እስከ ዛሬ «ሰንፓይ» እያለ «እርስዎ» ይለኛል። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እርስዎ ሲለኝ ጉልበቴን የሚያመኝ ይመስለኛል።

ሱዙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሲመጣ የተከፈተ ቅንፍ እንደሚዘጋም አያውቅም ነበር። ስም ማውጣትን ያስተማርኩት እዚሁ ገበያ ውስጥ ነው። በእኛ ባሕር ዳርቻ አንዱ ዓሣ ሲያድግ ስሙ ይለወጣል፤ ሕፃኑ ኮዞኩራ፣ ቀጥሎ ፉኩራጊ፣ ቀጥሎ ጋንዶ፣ ሲተልቅ ቡሪ ይባላል። እኔም ፕሮግራም ስጽፍ ያልተነካውን ቁጥር ኮዞኩራ፣ የተነበበውን ፉኩራጊ፣ የተጣራውን ጋንዶ፣ የመጨረሻውን ውጤት ቡሪ እለዋለሁ። መምህር ኦኩዳይራ በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ስሞቹን በቀይ ከበው «ይህ የዓሣ ገበያ አይደለም» ብለው ጽፈውብኛል። በዓለም ላይ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ሁለት ብቻ ነው፣ እኔና ኡሳሚ።

ሳጥን 4ን ያዘ። ስለ ምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው «ስለ ቤታችን ነገር» አለኝ። ቤተሰቦቹ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አላቸው፤ እስከ ዛሬ ውሃ የሚያሞቁት በእንጨት ነው። አሳዘነኝ። ስለ መታጠቢያ ቤት ማን ያነባል? ስለ ቋንቋዋ ብርታት ቢጽፍ እንደሚሻል መከርኩት። እንደ ሁልጊዜው «እሺ ሰንፓይ» አለኝ።

ኖቬምበር 14፣ ዓርብ

ከሃያ አምስቱ ስምንት ተሞልቷል።

ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቴ የሚቀመጡት አቶ ታቡቺ ዛሬም ሳይሰለቹ «ሰባኪዋ ገባች፣ ኪሳችሁን ያዙ» ብለው ተቀበሉኝ። የምንሠራው የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም ነው፤ ቋንቋው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ከኤፕሪል ጀምሮ ይህን ክፍል በሱዙ ብንጽፈው እያልኩ ስነግራቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ሻይ ማፍያዋ ክፍል ደጃፍ ላይ ስደርስ ለአንድ ሰው ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጅቷ ጎበዝ ናት። ችግሯ ጨው ስትጠይቃት ባሕሩን ተሸክማ መምጣቷ ነው።»

ምናልባት ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

«ቃጭሏ መጣች።» ዛሬ ይህን የጻፉ ሰዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው የጻፈው እኔ ገና አፌን ባልከፈትኩበት ቦታ ነው። ሰው ስለ ኤክሴል ጠይቆ፣ ሌላው «ዝም በል፣ ቃጭሏ ትሰማሃለች» ብሎ መለሰለት። ሠላሳ ሁለት ሰው ልብ ሰጠው።

ሠላሳ ሁለት ልብ። እኔ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም።

የሆነው ሆኖ ሱዙና እኔ እንታወሳለን ማለት ነው። መረሳት ይብሳል። አይደል?

(ሕጌን አልጣስኩም። ስለ ኤክሴሉ የመለስኩት በግል መልእክት ነው።)

ኖቬምበር 23፣ እሑድ

አምስት ሳጥን ባዶ ነው። የክፍሉን ሰዎች አንድ በአንድ ለመንኩ። አንዷ የመለሰችልኝን ልገልብጠው፦ «መጻፍ እፈልጋለሁ፣ መጥረቢያ እፈራለሁ።»

በእኛ ሙያ መጥረቢያ ማለት ሰው ጽሑፍ ሲያወጣ ከሥሩ መጥቶ «ተሳስተሃል» የሚል እርማት ነው። ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከሩቅ ይወረወራል፣ ስለቱም ወደ ፊት ነው። ስንቱ ሰው አንድ መጥረቢያ ቀምሶ ዳግም አልጻፈም። እዚህ እንደዚያ ያለ ሰው የለም፣ እኛ ቤተሰብ ነን አልኳት። ሳጥን 15ን ያዘች።

ዛሬ ያደረግኩትን እዚህም መጻፍ ያሳፍረኛል። ሌላ አካውንት ከፈትኩ። ስሙ «ሰሜን ነፋስ» ነው። ሳጥን 13ን በሱ ስም ያዝኩ። ማታለል አይደለም፣ ለሳጥኖቹ ጓደኛ መስጠት ነው። ባዶ ምግብ ቤት ማንም አይገባም።

ዲሴምበር 1፣ ሰኞ

ጽሑፌ ወጣ። «ሱዙ ከሌሎች የምትበልጥባቸው አሥራ አራት ነጥቦች።» ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነው።

ሰባት ልብ። አንዱ የእናቴ ነው፤ ለዚሁ ብላ አካውንት ከፍታለች። አንዱ የሰሜን ነፋስ ነው።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

ምሳ ሰዓት። የኡሳሚ ወጣ። ርዕሱ «እናቴ በቀን ስንት ጊዜ ደረጃ ትወርዳለች?» ነው። ይሄ ርዕስ ነው?

ማታ

አነበብኩት።

እናቱ ደንበኞች እየተቀበለች በየሃያ ደቂቃው ወደ ምድጃው ክፍል ትወርዳለች፣ ውሃው አርባ ሁለት ዲግሪ መሆኑን በእጇ ታያለች፣ እንጨት ትጨምራለች፣ ትወጣለች። ደረጃው አሥራ ስምንት ነው። ጉልበቷን ያማታል። ልጅየው በውሃው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ከተተ፣ ሠላሳ መስመር ፕሮግራም ጻፈ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ያለች ደወል ትደውላለች። እናትየው መጀመሪያ አላመነችም፤ ደወሏ ሳትደውልም ለሦስት ቀን ወረደች። በአራተኛው ቀን ተቀምጣ አንድ ብርቱካን እስከ መጨረሻው ላጠች። ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ከታች በትንሹ «የተጻፈው በሱዙ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ! በጠቅላላው ጽሑፍ አንድ ጊዜ!

ሁለት መቶ አሥር ልብ።

ደስ ብሎኛል። ተማሪዬ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል።

ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ጠዋት 640። ምሳ ላይ 900። ከቢሮ ስወጣ 1,380።

ከሥሩ ሰው ተሰልፎ «ሱዙ ምንድን ነው? ከየት ይገኛል?» ይላል። ለዘጠኝ ወር የምመኘው ጥያቄ፣ ተደርድሮ፣ ለሌላ ሰው። እኔ ሄጄ አሥራ አራቱን ነጥቦቼን ለመለጠፍ ጻፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ መልሼ ጻፍኩት። አንዱ ወዲያው «ቅጭል» አለ።

ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

መምህር ኦኩዳይራ ከሥሩ ጻፉለት። እሳቸው ለማንም አይጽፉም። ለመመረቂያ ጽሑፌ እንኳ ከቀይ ክብ ሌላ ያገኘሁት የለም። ለእሱ ግን «ሱዙን ስጀምር እንዲህ ላለ ሰው ነበር ያሰብኳት» ብለውታል።

እንዲህ ላለ ሰው።

 ሩዝ ቀቅዬ ሳልበላው ቀረሁ። እንዲህ ላለ ሰው! ቅንፍ መዝጋት ማን አስተማረው?

ከዚያ ኮዱን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩት። አንድ ስህተት አለበት፣ ትንሽም አይደለም። ሽቦው ቢላቀቅ መለኪያው ምንም አይልክም፤ ሱዙ ደግሞ ባዶውን እንደ ዜሮ ትቆጥረዋለች። ውሃው በረዶ ሆኗል ብላ ደወሏን ትደውላለች፣ እናትየው እንጨት ትጨምራለች፣ ደወሏ አሁንም ትደውላለች። የፈላ ውሃ ውስጥ ሰው አለ።

ይህን ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። በራሴ ስም ብጽፈው ግን ቀናች ይሉኛል፣ ሰው ክፉ ነው። ስለዚህ በሰሜን ነፋስ ስም ገባሁ። «ይህን ያህል ሳያውቁ የሰው ሕይወት ያለበትን ነገር ጽፎ ማስጨብጨብ ድፍረት ይባላል» ብዬ ጀመርኩ። የተስተካከለውን ናሙናም አያያዝኩበት፤ የተነበበው ፉኩራጊ፣ የተጣራው ጋንዶ፣ አሥራ አንድ መስመር፣ ንጹሕ ሥራ።

ከላክሁ በኋላ ራበኝ። ቀዝቃዛውን ሩዝ ቆሜ በላሁት።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

መለሰ። «እርማቱ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። ዛሬውኑ አስተካክያለሁ፣ እስካስተካክል ድረስም ደወሉን ነቅዬው ነበር። በዚህ ወቅት እንዲህ ያለ ትኩስ ዓሣ ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ትኩስ ዓሣ? ምን ማለቱ ነው? ሰው ሲወደድ ቅኔም ያምርበታል። ለምስጋናው ብቻ ሦስት መቶ ልብ ሰጡት።

ሰሜን ነፋስን ግን ሰው ሁሉ ተረባረበበት። «ልክ ብትሆንስ፣ ምነው አፍህ?» «የሱዙ ሰዎች እንዲህ ናቸው እንዴ?» የሱዙ ሰዎች! እኔ እኮ የሱዙ ሰው ሆኜ አይደለም የጻፍኩት። እንደ ነፋስ ነው የጻፍኩት።

ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ሳጥን 15 ተሰረዘ። ሳጥን 19ም። ያቺ ልጅ «ቤተሰብ ነን ብለሽኝ ነበር» ብላ ጻፈችልኝ። 

ቢሮ ደግሞ የባሰ ነገር ጠበቀኝ። አቶ ታቡቺ ኮምፒውተራቸው ላይ ሱዙን ጭነዋል። በገዛ እጃቸው! ቤታቸው የሚያሳድጉትን አበባ ማጠጫ ሊሠሩባት ነው።

«ይቺ ያንቺዋ ናት እንዴ፣ ሚናሴ?» አሉኝ።

ከኤፕሪል ጀምሮ ነግሬዎታለሁ አልኳቸው። 

መነጽራቸውን አወለቁ። «አይ፣ አንቺ የነገርሽኝ ስለ ቋንቋው ነው። ልጁ የነገረኝ ስለ ምድጃው ነው።»

ከዚያ ቅንፉ የት እንደሚዘጋ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አሥራ አራቱን ነጥቦች አልጠየቁኝም።

ዲሴምበር 13፣ ቅዳሜ

የሰሜን ነፋስ ቀን ነው። ምን ይጽፋል? ማን ያነብለታል? ከጠዋት እስከ ቀን ስምንት ሰዓት ግራጫውን ሳጥን እያየሁ ተቀመጥኩ። ሰሌዳዬ ላይ ያለ ጉድጓድ፣ እኔው የቆፈርኩት።

ስምንት ተኩል ላይ ሞላ። ኡሳሚ ነው። «ሰሜን ነፋስ ዛሬ ስላልነፈሱ እኔ ልተካቸው» ብሎ፣ የውይይት ክፍሉን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ለአዲስ ሰው አጭር ነገር ጽፏል። 15ን እና 19ንም ይዟቸዋል።

ቁልፉ የሱ ነው። ገባኝ። ሰሌዳ የምከፍተው እኔ፣ የሚሞላው እሱ።

ለምን ይህን ያህል ጥሩ ይሆናል? ትንሽ እንኳ ቢኮራ፣ አንድ ቀን እንኳ ባለጌ ቢሆን፣ በሰላም እጠላው ነበር።

ዲሴምበር 16፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ነጎደ። በዲሴምበር የሚመጣውን ይህን ነጎድጓድ እዚህ ቡሪ ቀስቃሽ ይሉታል፤ ትልልቁ ዓሣ ወደ ዳር የሚመጣው እሱን ተከትሎ ነው። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ነቃሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የኡሳሚን የተስተካከለ ኮድ ከፈትኩ። ስህተት ልፈልግ ነበር። እዚህ ካልዋሸሁ፣ ለዚያ ነበር።

ናሙናዬን እንዳለ ወስዶታል። ፉኩራጊ። ጋንዶ። ከላይ አንዲት የማስታወሻ መስመር አክሏል፦ «ስሞቹ ካስተማረችኝ ሰው የተወሰዱ ናቸው።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ትኩስ ዓሣ።

ያውቃል።

በዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ። እኔው ጽፌዋለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ፣ ኖቬምበር 9።

እያንዳንዱን ቃል ደብቄ፣ ስሜን ደብቄ፣ ዓሣዬን ፊርማ አድርጌ ላክሁት። ከዘጠኝ ቀን በፊት ጀምሮ ያውቃል። ለሌላ ሰው ግን አልተናገረም።

ላጥፋው? ሰው ፎቶ አንስቶታል። አካውንቱን ልዝጋ? ጣቴ አልሄደም።

እነዚያን ስሞች በቀይ የከበቧቸው ደግሞ መምህር ኦኩዳይራ ናቸው። አነበቡት ይሆን? ዓይናቸው ደክሟል። አላነበቡትም። ምናልባት አላነበቡትም።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

አንብበውታል። የደረሰኝ መልእክት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

«ሚናሴ-ሳን፣ ስለ ምድጃው የተላከውን እርማት አየሁ። ስህተቱን ማግኘት የሚችል ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ፉኩራጊ ግን ገና ቡሪ አልሆነም።»

ቁልፉን በ25 ለኡሳሚ እንደሚያስረክቡ በክፍሉ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሃምሳዎቹ ዝምተኞች ተናገሩ፣ ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አሉ። እኔም አልኩ። ሁለት ጊዜ አልኩ፤ አንዱ ብቻውን ከልብ ያልሆነ እንዳይመስል ብዬ ይሆናል።

ልብሴን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ዲሴምበር 22፣ ሰኞ

የዓመቱ አጭሩ ቀን። ዛሬ ሰው ሁሉ ዩዙ የሚባለው ቢጫ ፍሬ በሚንሳፈፍበት ሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን አይዝም ይባላል። ከቢሮ እንደወጣሁ ወደ ኡሳሚ ቤት አውቶቡስ ያዝኩ። ጉንፋን ፈርቼ አይደለም።

መግቢያው ጠረጴዛ ላይ እናትየው ተቀምጣለች። ደወሏ ከጎኗ ናት፣ ከእንቁላል አትበልጥም። ስሜን ስነግራት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ጉልበቷን እያመማት ብድግ አለች። «ያስተማርሽው አንቺ ነሽ? ስለ ዓሣው ስም አውርቶ አይጠግብም» አለችኝና የመግቢያ ሒሳብ አልቀበልም አለች። ከዚያ በላይ ማፈር የሚቻል አይመስለኝም።

አሥራ ስምንቱን ደረጃ ቆጥሬ ወረድኩ። ኡሳሚ አሮጌ የቤት እንጨት እየሰነጠቀ ነበር። በእጁ የያዘው መጥረቢያ ነው፣ እውነተኛ መጥረቢያ። ለመሳቅም ለማልቀስም አልሆነልኝም።

«ሰሜን ነፋስ እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ሰንፓይ። ከእርስዎ በቀር ፉኩራጊ ማን ይላል?»

«ለምን ዝም አልክ?»

እንጨቱን አስተካክሎ አቆመ። «ልክ ነበሩ እኮ። ማታውን ሽቦውን ነቅዬ ሞከርኩት። ደወሏ አላቆምም አለች። እናቴ እየሮጠች ወረደች፣ እንጨት ጨመረች፣ ወጣች፣ ደግማ ወረደች። እርስዎ ባይጽፉ ኖሮ አንድ ቀን ሰው እንቀቅል ነበር።» መጥረቢያውን አሳረፈ። «አነጋገሩ ግን አሞኛል። አልዋሽም። መልሱን ከላክሁ በኋላ ሁለት ቀን ኮምፒውተር አልከፈትኩም።»

ይቅርታ አልኩት። ምድጃው ይንዶቀዶቃል፣ አልሰማኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ሰምቷል።

መምህሩ ገና በዲሴምበር 5 ቁልፉን ሊሰጡት ፈልገው «ሰንፓይ ትቅደም» ብሏቸው እንደነበር ነገረኝ። ከእርማቱ በኋላም «ይህ ዓሣ የማን ነው?» ብለው በስልክ ሲጠይቁት አላውቅም አላቸው። ዋሻቸው፣ ለእኔ ሲል። እሳቸው ግን ሳቁና ስልኩን ዘጉ።

እንግዲህ በዲሴምበር 5 ቁልፉ ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር። በ6 ራሴ በመጥረቢያ መለስኩት።

ልቤ ውስጥ የመጣውን ልጻፍ፣ ሌላ የት እጽፈዋለሁ? በደግነትም በለጠኝ ብዬ ቀናሁ። እዚያው፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ቀናሁ።

ውሃው አርባ ሁለት ዲግሪ ነበር። ዩዙው ትከሻዬን እየነካ ያልፋል። ከመጋረጃው ማዶ ሁለት አሮጊቶች ስለ ልጆቻቸው ሚስቶች ያማሉ። ደወሏ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለች፣ ቅጭል፣ ከዚያ ዝም አለች። ማንም አልተናደደም። ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የምትደውለው።

ዲሴምበር 25፣ ሐሙስ

የመጨረሻው ሳጥን የእኔ ነው። «ሱዙ ለምን?» የሚል አርባ ገጽ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከኖቬምበር ጀምሮ እየጻፍኩት። አላወጣሁትም። በምትኩ ይህን አወጣሁ፦

«ሰሜን ነፋስ እኔ ነበርኩ። ሳጥን 13ን በውሸት ስም የያዝኩትም እኔ ነኝ። ስለ ምድጃው ስህተት የጻፍኩት ልክ ነው፤ የጻፍኩበት ምክንያት ግን ቅናት ነበር። ሳጥን 15ን እና 19ን የተዉትን ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሚናሴ ካሆ።»

ብዙ ተባልኩ። አብዛኛው ይገባኛል። አንዱ «ቃጭሏ ተሰነጠቀች» አለ፤ ጎበዝ ነው። የሳጥን 15ቷ ልጅ ከክፍሉ አልወጣችም። አቶ ታቡቺ ቢሮ ውስጥ ከሱቅ ከገዙት የገና ኬክ ቁራሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። እንጆሪዋን በልተዋታል።

እኩለ ቀን ላይ ቁልፉ ተላለፈ። የኡሳሚ ስም ከመምህር ኦኩዳይራ ስም ጎን ወጣ። አየሁት። ዓይኔን አሻሽቼ ደግሜ አየሁት።

ሰሌዳው ሞልቷል። ሃያ አምስቱም።

ዲሴምበር 28፣ እሑድ

የቢሮ ዕረፍት ጀመረ። በረዶ።

በጥያቄ መድረኩ ላይ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የአውቶቡስ ሰዓት የምታሳይ ፕሮግራም እምቢ ብሏት ታለቅሳለች፣ በሌላ ቋንቋ። ስህተቷን በራሷ ቋንቋ አስተካከልኩላት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። «እርስዎ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሠሩት?» አለችኝ። ተጠየቅሁ! በሕጉ መሠረት፣ በእውነት፣ ተጠየቅሁ። አንዲት ቃል መለስኩላትና ስለ አውቶቡሱ ቀጠልን።

ከዚያ የሱዙን ኮድ ከፈትኩ። ባዶን እንደ ዜሮ መቁጠሯ የኡሳሚ ጥፋት አይደለም፣ የቋንቋዋ ነው። ሌላም ምድጃ ይኖራል። አብዛኛውን ቀን ሠራሁበት፣ ሃያ ስድስት መስመር። ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ሰው ላክሁት። የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው እሱ ነው። ተማሪዬ። ይህን ስጽፍ አሁንም እቀናለሁ፤ ላስመስል አልችልም።

ስሜን ሙሉውን ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር መለወጥ ነበረብኝ። ቁጥሩ የሚገባበትን የመጀመሪያውን ቦታ ሳላስበው ፉኩራጊ ብዬው ነበር። አጠፋሁትና በሕፃኑ ዓሣ ስም ኮዞኩራ አልኩት።